ዋስ የሌለው ጸሐፊ

ማጣቀሻው ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። የደራሲው ስም አለ፤ የመጽሔቱ ስም፣ ቅጹ፣ ዓመቱና ገጹ አለ፤ ከሥሩም ዲኦአይ የሚሉት ረጅም መለያ ቁጥር ተቀምጧል። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ዳህራን በሚገኘው የኢትራ ማዕከል ቤተ መጻሕፍት፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ላፕቶፑን ወደ ጎን አዙሮ ይህንኑ ማጣቀሻ ለጓደኛው ያሳያል። ወጣቱ የማስተርስ ተማሪ ነው። የሚያጠናው በነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦዎች ላይ የሚደርሰውን ዝገት ከዕፅዋት በሚወጡ ንጥረ ነገሮች እንዴት መግታት እንደሚቻል ነው። ለጥናቱ መነሻ የሚሆኑ ጽሑፎችን ዝርዝር ያወጣለት ኤአይ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት።

ጓደኛው በዕድሜ ይበልጠዋል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ስለነበር፣ እዚህ ተማሪ ቢሆንም «መምህር» ብለው ነው የሚጠሩት፣ አንቱታውም ግማሹ ከልብ፣ ግማሹ ጨዋታ ነው።

«ቁጥሩን ክፈተው እስኪ» አለ መምህሩ።

ወጣቱ ቁጥሩን ገልብጦ አስገባ። የተከፈተው ጽሑፍ ስለ ብረትም ስለ ዝገትም አያወራም፤ ስለ ዓሣ እርባታ ኩሬዎች ነው።

«ቁጥሩ ተሳስቶ ይሆናል መምህር። ደራሲው ግን ያለ ሰው ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።»

ደራሲው በእርግጥ ያለ ሰው ነው፤ በዝገት ጥናትም ስሙ የታወቀ ነው። የሥራዎቹን ዝርዝር ከፍተው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት፤ በዚያ ርዕስ የጻፈው ነገር የለም። መጽሔቱንም አገኙት። ቅጹም አለ። የተጠቀሰው ገጽ ግን በሌላ ሰው ጽሑፍ መሐል ላይ የሚያርፍ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ እንዲህ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ዘጠኙ እውነተኛ ናቸው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ሐሰት ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ገና በመጀመሪያው ይነቃ ነበር።

«እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ አይቼ አላውቅም» አለ ልጁ።

«አልዋሸህም እኮ። ለመዋሸት መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።»

የመምህሩ አባባል ከብዙ የቴክኖሎጂ ማብራሪያ የተሻለ ነው። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አውርደው የሚያነቡ አይደሉም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግበው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ መገመትን የተማሩ ናቸው። ማጣቀሻ ደግሞ ለግምት እጅግ የሚመች ነገር ነው፤ መልኩ ሁሌም አንድ ነው፣ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ቅጽ፣ ገጽ። ስለዚህ ማሽኑ በዝገት ጥናት ውስጥ ደጋግሞ የመጣን ስም፣ ደጋግሞ ከመጣ መጽሔት ጋር፣ ሊሆን ከሚችል ርዕስ ጋር አጋጥሞ ያቀርባል። አሁን አሁን ኢንተርኔት ውስጥ ገብተው የሚፈልጉ ዓይነቶች ስለመጡ ስሕተቱ ቀንሷል። ቢሆንም ያለን ጽሑፍ አግኝተው ጽሑፉ ያላለውን «ብሏል» ማለታቸው አልቀረም፤ ይህኛው ደግሞ ለመያዝ የባሰ ያስቸግራል።

በዚህ የተጎዱት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቀረቡ፤ ውሳኔዎቹ በምድር ላይ የሌሉ ሆነው ሲገኙ 5,000 ዶላር ተቀጡ። ከጠበቆቹ አንዱ ያደረገው ማጣራት ምን ነበር? እዚያው ማሽኑን «እነዚህ እውነተኛ ናቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ማሽኑም አዎ አለው።

ማጣቀሻዎቹ የተመረመሩበት ሠፈር ለነዳጅም ለጥናትም ባዕድ አይደለም። ኢትራ የቆመው በ1938 በሳዑዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ከፈለቀበት የደማም 7ኛ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲያ ደማም፣ ኮባርና ዳህራን እየሰፉ መጥተው ዛሬ የቱ አልቆ የቱ እንደሚጀምር ለእንግዳ አይለይም። ዳህራን ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለው የኪንግ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ በ1963 በኮሌጅነት ተመሠረተ፤ ደማም ውስጥ የኢማም አብዱራህማን ቢን ፋይሰል ዩኒቨርሲቲ፣ ኮባር ውስጥ ደግሞ የፕሪንስ ሙሐመድ ቢን ፋህድ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የኪንግ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያንና ወርኃዊ ድጎማን የሚሸፍን ነፃ ዕድል ስለሚሰጥ ኢትዮጵያውያንም ይመጣሉ። በዚህ አካባቢ የሚኖረው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚታወቀው በሰው ቤት ሥራ፣ በሹፍርናና በቀን ሥራ በመሆኑ ስለ ተማሪዎቹ ብዙ አይወራም።

የሳዑዲ መንግሥትም ለኤአይ ነገር ዝም አላለም። የመረጃና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሥልጣን የተቋቋመው በ2019 ነው፤ ከኪንግ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጋራ የምርምር ማዕከል አለው። በጥር 2024 ይኸው ባለሥልጣን ጽሑፍና ምስል ፈጣሪ የሆነውን ኤአይ ስለመጠቀም አንዱን ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አንዱን ለሕዝብ፣ ሁለት መመሪያዎች አወጣ። የሳዑዲው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ደግሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ 250 ቢሊዮን ፓራሜትሮች ያሉት የራሱን የኤአይ ሞዴል ይፋ አደረገ፤ ኩባንያው እንዳለው የሰለጠነው በ90 ዓመት ገደማ የተጠራቀመ የራሱን መረጃ ጭምር ይዞ ነው። ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮም የሳዑዲ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ኤአይ ይማራሉ። ስለዚህ እዚህ «ይከልከል ወይስ ይፈቀድ» የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ለማሽኑ ምን ይሰጣል፣ ለጻፈውስ ማን ይጠየቃል የሚለው ላይ።

አራምኮ የራሱን ሞዴል ለምን እንደፈለገ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የሳምሰንግ መሐንዲሶች በ2023 የኩባንያውን ምስጢራዊ ኮድ ቻትጂፒቲ ውስጥ ለጥፈው መገኘታቸው ተሰምቶ፣ ኩባንያው በዚያው ግንቦት መሣሪያውን ለሠራተኞቹ ከለከለ። የዳህራን ተማሪ ደግሞ ሥራው ከነዳጅ ጉድጓድ፣ ከቱቦ፣ ከኩባንያ ጋር የተያያዘ ነው፤ እጁ የሚገባው የላብራቶሪ ሠንጠረዥ የራሱ ላይሆን ይችላል። «አማካሪዬ መጀመሪያ ቀን የነገረኝ ስለ ኬሚስትሪ አልነበረም» ይላል መምህሩ፤ «የትኛው ፋይል ከዚህ ኮምፒውተር እንደማይወጣ ነው።» የሕክምና ተማሪ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የበሽተኛን ምርመራ ውጤት «እስኪ አሳጥረህ ጻፍልኝ» ብሎ ለማሽን መስጠት ስንፍና ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መምህሩ ወደዚህ ሲመጣ ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ፈርሟል፤ ተምሮ ሊመለስ፣ ካልተመለሰም የወጣበትን ሊከፍል። ውሉ ያለ ዋስ አይጸናም። ዋስ የሆነለት ዘመዱ ደመወዙን አስመዝግቦ፣ ማኅተም አስመትቶ ነው ያስወጣው። አንድ ቀን ስለዚሁ ስናወራ «ማሽኑ ጎበዝ ጸሐፊ ነው» አለኝ፤ «ግን ዋስ የለውም። ነገ የጻፈው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማንን ትይዛለህ?»

የዓለም ሳይንስ መጽሔቶች የደረሱበትም ድምዳሜ ይኸው ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 መጨረሻ ለሕዝብ እንደተከፈተ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ተባባሪ ደራሲ ስሙ የሰፈረባቸው ጽሑፎች መምጣት ጀመሩ። ኔቸርና ሳይንስ የተባሉት መጽሔቶች በጥር 2023 በሩን ዘጉ። የኔቸር ምክንያት የማሽኑ ድክመት አልነበረም፤ ደራሲ ማለት ለጽሑፉ ተጠያቂ የሚሆን ነው፣ ማሽን ደግሞ ሊጠየቅ አይችልም የሚል ነው። መሣሪያውን የተጠቀመ ሰው መጠቀሙን ይናገር፣ ፊርማው ግን የራሱ ይሁን አለ።

ፊርማ ግን ሳያነቡም ይፈረማል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ስለ ሊቲየም ባትሪ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰርፌስስ ኤንድ ኢንተርፌስስ በተባለ መጽሔት ወጣ፤ መግቢያው የሚጀምረው ማሽኑ ለጠያቂው በሚሰጠው የትሕትና ቃል፣ «እሺ፣ ለርዕስዎ የሚሆን መግቢያ እነሆ» በሚል መንፈስ ነበር። ደራሲዎቹ አላዩትም፤ ገምጋሚዎቹ አላዩትም፤ አርታኢውም አላየውም። ዓለም ስቆበት በኋላ ተሻረ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን የአንዲት ነጥብ ታሪክ ነው። በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ «ቬጀቴቲቭ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» የሚባል፣ ትርጉም የሌለው ሐረግ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ቆይቷል። እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ የለም። መርማሪዎች ወደ ኋላ ሲሄዱ መነሻው በ1950ዎቹ የታተመ የባክቴሪያ ጥናት ሆኖ አገኙት፤ ገጹ በሁለት ዓምድ የተጻፈ ስለነበር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የግራው ዓምድ ቃል ከቀኙ ዓምድ ጋር ተገጣጠመ። ቀጥሎ፣ ከዚህ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በፋርስኛ «ስካኒንግ» እና «ቬጀቴቲቭ» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ ብቻ በመሆኑ ትርጉም ላይ ስሕተቱ ተደገመ። ከዚያ ማሽኖቹ ይህን ሁሉ ተመግበው ሐረጉን የሳይንስ ቃል አድርገው መልሰው ይሰጡ ጀመር። በዐረብኛ ፊደል አገር የሚኖር ተማሪ ነጥብ ምን ያህል እንደምታጣላ ያውቃል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው ሐረጉ ተጽፎ ማግኘቱን ነው።

ታዲያ መምህራን የማሽን ጽሑፍን ለይቶ በሚይዝ ሌላ ማሽን ቢገላገሉስ? ተሞክሯል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ መለያ ሠርቶ ነበር፤ የሚይዘው ከማሽን ጽሑፎች 26 በመቶውን ብቻ፣ በሐሰት የሚወነጅለው ደግሞ ከሰው ጽሑፎች 9 በመቶውን ነበር፤ በሐምሌ 2023 ዘጋው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ጽሑፎች ለሰባት መለያዎች ሰጡ። መለያዎቹ በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑትን «የማሽን ነው» አሉ። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ግን ከሞላ ጎደል በትክክል የሰው ብለው ለዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው በሚያውቃቸው ጥቂት ቃላትና በተለመዱ ዓረፍተ ነገሮች ይጽፋል፣ መለያው ደግሞ የማሽን ምልክት ብሎ የያዘው ይህንኑ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከደሴ ወይም ከጅማ መጥቶ፣ ሳዑዲ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ልጅ ሁለት ጊዜ ይከሰሳል፤ ማሽን ከተጠቀመ በመጠቀሙ፣ ካልተጠቀመ ደግሞ በገራም እንግሊዝኛው። የማስተርስ ተማሪው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። ረቂቆቹን አይሰርዝም። ከመጀመሪያው የተንሻፈፈ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ በቀን በቀኑ ያስቀምጣል፤ ማሽኑን ምን እንደጠየቀውና ምን እንደመለሰለት በአንድ ፋይል ይይዛል፤ «ሰዋስው እንዲያርምልኝ ተጠቅሜበታለሁ» የሚለውንም በጽሑፉ መጨረሻ ራሱ ይጽፋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) በትምህርቴ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጥርጣሬ የምባረርበት አቅም የለኝም» አለኝ።

መጠየቅም ራሱ ብልሃት አለው። መምህሩ ማሽኑን «ጻፍልኝ» አይለውም፤ የጻፈውን ሰጥቶ «ገምጋሚ ብትሆን የት ላይ ትይዘኛለህ?» ይለዋል። ከሚመጣለት ትችት ብዙው ውኃ የማያነሳ ነው፤ አንዳንዱ ግን አማካሪው በኋላ የሚያነሳውን ጥያቄ ቀድሞ ያነሳዋል። ይህን ማድረግ የቻለው ግን ጉዳዩን ስለሚያውቅ ነው። በማያውቀው ነገር ላይ ቢጠይቅ የሚረባውን ከማይረባው በምን ይለያል? ማሽኑ አዋቂውን የሚያግዘውን ያህል ጀማሪውን አያግዝም፤ ችግሩ ይበልጥ የሚፈልገው ጀማሪው መሆኑ ነው።

ስለ አማርኛው ጉዳይ ደግሞ አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። መምህሩ የትምህርት ፈቃዱ የሚጀምርበት ቀን በውሉ ላይ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ለሚያስገባው ቅጽ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲለውጥለት ማሽኑን ጠየቀው። ማሽኑ ሳያቅማማ መስከረም 11 ቀን 2023 አለ። ልክ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ዕንቁጣጣሽ በአብዛኛው ዓመት በዚያ ቀን ይውላል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውም አብዛኛው እንደዚያ ይላል። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በአውሮፓውያኑ መስከረም 12 ቀን ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ናት፤ በውል ላይ ግን የአንድ ቀን ልዩነት ደብዳቤ ታጽፋለች። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ዕንቁጣጣሽ በ2020 ዓ.ም. ነው።

ማሽኑ በእኛ ነገር ላይ የሚሰንፈው ምግቡ አነስተኛ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ሲኖሩት የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን ያልፋል። በዚያ ላይ ሞዴሎቹ ጽሑፍን ቆራርጠው ሲያነቡ የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቁራጭ ሲያልፍ፣ የግእዝ ፊደል ግን ብዙ ቦታ ተበጣጥሶ ይገባል፤ ዋጋውም ጊዜውም ይበዛል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያሳየው ብልጠት ያታልላል፤ ስለ ሸዋ ወይም ስለ ወሎ ታሪክ በአማርኛ ስትጠይቀውም በዚያው ልበ ሙሉነት ይመልሳል።

ወሎን ካነሳን አይቀር፣ ኮባር ባሕር ዳርቻ ዓርብ ዓርብ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሚገናኙበት ቦታ ያገኘኋት አንዲት እህት ከዚያው ናት። በሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ታናሽ ወንድሟ በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያጠናል፤ የምታስተምረው እሷ ናት። በቅርቡ ከስልክ ፓኬጅና ከደብተር ሌላ አዲስ ነገር ጠየቃት።

«እትዬ፣ የሚከፈልበትን ቻትጂፒቲ ግዢልኝ፤ እዚህ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም አለኝ። በወር ሃያ ዶላር። ሰባ አምስት ሪያል ማለት እኮ ነው!» ደመወዟ ከሺህ ሪያል ጥቂት ከፍ ቢል ነው። «ምን ይሠራልሃል አልኩት። ያስጠናኛል አለኝ። እና የምትማረው አንተ ነህ ወይስ እሱ ነው? አልኩት።»

ጥያቄዋን አንድ ጥናት በቁጥር መልሶታል። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሂሳብ ፈተኑ። ያለገደብ ማሽኑን የተጠቀሙት ልምምድ ላይ ማሽን ካልተሰጣቸው በ48 በመቶ በልጠው ታዩ። ማሽኑ ተወስዶ ፈተና ሲሰጣቸው ግን ጭራሹን ካልነኩት ልጆች በ17 በመቶ አነሱ። ሦስተኛ ቡድን ነበር፤ ለእነሱ የተሰጣቸው ማሽን መልሱን የማይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። እነዚያ ልምምድ ላይ በ127 በመቶ በለጡ፣ ፈተና ላይም ጉዳቱ ብዙም አልታየባቸውም። መሣሪያው ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ መልሱን ማን እንደሠራው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለማግኘት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ስልክ ግን አይገባም። አራት ዓመት በማሽን አሳይመንት ሲያስረክብ የቆየ ልጅ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

እህቲቱ ስለ ቱርኩ ጥናት አልሰማችም። ያደረገችው ግን ሦስተኛውን ቡድን የሚመስል ነው። አሁን ዓርብ ዓርብ ሲደውል በሳምንቱ ያስገባውን አሳይመንት በአማርኛ ያስረዳታል፣ እሷ ትጠይቃለች። «እኔ ኤሌክትሪክ የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። ለምን? እለዋለሁ። ይነግረኛል። እሱስ ለምን? እለዋለሁ። ሦስተኛው ለምን ላይ ባለፈው ዝም አለ። ቆይ እትዬ መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። ማታ ደወለ፤ ማዳምን እራት እያበላኋት ነበር፣ አላነሳሁትም፤ በድምፅ ልኮልኛል።»

መልእክቱን ከፍታ አሰማችኝ። ትራንስፎርመር ለምን በቀጥተኛ ጅረት እንደማይሠራ ነው የሚያስረዳው። ሁለቴ ይሳሳታል፣ «አይ ቆይ» ይላል፣ ይመለስበታል።

«ሰባ አምስቱን ትከፍይለታለሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ፈተናውን ይለፍና ራሱ ሠርቶ ይክፈል» አለች። «እስከዚያ በነጻ እኔን ይጠይቅ።»